ሬዲዮው ዝም ሲል ማን ይወስናል? ግልጽ ደብዳቤ ለሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴው

ይድረስ ለማሰልጠኛ ተቋሙ የሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴ ክቡራን አባላት

ጉዳዩ፦ ከጀማሪ መኮንኖች ኮርስ ላይ የተነሡ ትምህርቶች እንዲመለሱ ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እንግባ።

ከዚህ የሥልጠና ዘመን ጀምሮ የአዛዥነት ታሪክ ትምህርት ከጀማሪ መኮንኖች ኮርስ ተሰርዟል። የሬዲዮ ዝምታ ልምምድም ቀርቷል። በምትካቸው የድሮን ምስል ንባብና የሲሙሌሽን (በኮምፒውተር የሚደረግ የጦር ልምምድ) አዳራሽ ሰዓት ገብቷል። ውሳኔውን ያወቅነው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አይተን ነው። እኛ እነዚህን ትምህርቶች ስንሰጥ የቆየን ጡረተኛ መኮንኖች ነን፤ አብዛኞቻችን የምንሠራው በኮንትራት ነው። ቅሬታችንን በውስጥ ደብዳቤ አቅርበን ነበር። ደብዳቤው ገቢ ሆኗል፣ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ ማህተም አርፎበታል። መልስ ግን የለም። ስንጠይቅ «በሂደት ላይ ነው» እንባላለን። የተቋሙን ስም እዚህ አንጠራም፤ ማንንም ማሳጣት አንፈልግም። ነገሩ ግን የሌሎች ማሰልጠኛዎችም ጉዳይ ስለሆነ በአደባባይ ለመጻፍ ወስነናል።

አንድ ነገር ቀድመን እናጥራ። ድሮን አንጠላም። «የድሮ ሰዎች ስለሆኑ ነው» የሚል ወሬ በኮሪደር ሰምተናል። ከመካከላችን ዕድሜውን በሙሉ በመገናኛ ክፍል የጨረሰ ሰው አለ፤ አዲስ ሬዲዮ በመጣ ቁጥር ካርቶኑን ቀድሞ የሚከፍተው እሱ ነበር። ጥያቄያችን ሌላ ነው። አለቃ ሩቅ ማየት ሲጀምር የበታቹ እጅ ይፈታል ወይስ ይታሰራል? ኮሚቴው ሳያስበው ሁለተኛውን መርጧል ብለን እናምናለን።

የመጀመሪያው ቅሬታችን የሬዲዮ ዝምታ ልምምዱን ይመለከታል። ልምምዱን በቦታው ተገኝታችሁ ላላያችሁት እንንገራችሁ። እጩ መኮንኑ አመሻሽ ላይ ትዕዛዝ ይቀበላል። ትዕዛዙ ምን እንዲሠራና ለምን እንደሚሠራው ይነግረዋል። «ድልድዩን ከንጋት በፊት ያዝ፤ ዓላማው የጠላት ተሽከርካሪ ወንዙን እንዳይሻገር ነው» ይላል ለምሳሌ። እንዴት እንደሚይዘው የራሱ ፈንታ ነው። ሌሊት ላይ፣ ሰዓቱን ሳንነግረው፣ ሬዲዮውን እንዘጋበታለን። ከዚያ ሁኔታውን እንለውጣለን። ቃፊሩ፣ ቀድሞ ሄዶ የሚቃኘው ወታደር፣ እያለከለከ ይመጣና «መቶ አለቃ፣ ድልድዩ ጋ ማንም የለም፤ በታች ባለው መልካ ነው የሚሻገሩት» ይለዋል።

ሰውየው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ የሬዲዮውን ቁልፍ ይጫናል። ይለቃል። ደግሞ ይጫናል። ባትሪ ያስቀይራል፣ አንቴና ያስተካክላል። ወታደሮቹ ዙሪያውን ቆመው ያዩታል፤ ማንም ትንፍሽ አይልም። ሌላው ደግሞ «ትዕዛዙ ድልድይ ነው የሚለው» ብሎ ባዶ ድልድይ ሲጠብቅ ያድራል። ጥቂቶቹ ግን ልብስ ተከናንበው በእጅ ባትሪ ካርታቸውን ያያሉ። «የተላክነው መሻገሩን ለመከልከል ነው» ብለው ወደ መልካው ይወርዳሉ። ሁለት ሰው ድልድዩ ላይ ይተዋሉ፤ አንድ መልእክተኛ በእግሩ ወደ ኋላ ይልካሉ። ጠዋት ግምገማ ላይ ሁሉም ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ይናገራል። ያ ውይይት አንዳንዴ እስከ ምሳ ሰዓት ይሄዳል። ቃላችንን እንሰጣለን፤ ከዚያ ውይይት የሚወጣው ነገር በየትኛውም ስላይድ ላይ አይገኝም።

በአዲሱ ፕሮግራም ሬዲዮ አይጠፋም። የአዳራሹ ስክሪን ሁልጊዜ እንደበራ ነው። መብራት ካልሄደ ማለት ነው፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ ልምምዱ ይቋረጥና ሻይ ይጠጣል። ልብ በሉ! ምንም ሳይከፈልበት የመጣውን ምርጥ የሥልጠና ሰዓት በሻይ ነው የምናሳልፈው።

የዛሬው ጦር ሜዳ እንደ አዳራሹ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በተጀመረው የዩክሬን ጦርነት ሁለቱም ወገኖች የሌላውን ሬዲዮና ጂፒኤስ ጃም ያደርጋሉ፤ ማለትም ያፍናሉ። የድሮን ሬዲዮ እየታፈነ ሲያስቸግር፣ ከ2024 ጀምሮ በቀጭን የፋይበር ገመድ የሚመሩ ድሮኖች በብዛት ገቡ። በዚህ ዘመን ገመድ እየጎተተ የሚበር መሣሪያ! መገናኛው ባይታፈንም ሌላ ጣጣ አለው፤ ያለህበትን ቦታ ያሳብቃል። እ.ኤ.አ. የ2023 አዲስ ዓመት በገባ በደቂቃዎች ውስጥ ሩሲያ በያዘቻት የዩክሬን ከተማ ማኪቭካ ላይ የሩሲያ ወታደሮች ያደሩበት ሕንፃ በሮኬት ተመታ። ሩሲያ ራሷ 89 ወታደሮች መሞታቸውን አምና፣ ዋናው ምክንያት ወታደሮቹ ስልካቸውን መጠቀማቸው ነው አለች። እንዲህ ባለ ጦርነት አንድ መኮንን ሬዲዮው ሲጠፋበት ብቻ አይደለም ያለ አለቃ የሚወስነው። ነፍሱን ለማዳን ሲል ራሱ ሬዲዮውን የሚዘጋበት ሰዓት አለ።

ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። በ1928 ዓ.ም. የሰሜን ግንባር ላይ ራስ እምሩ ሽሬ፣ ራስ ካሳና ራስ ሥዩም ተምቤን፣ ራስ ሙሉጌታ አምባ አራዶም ነበሩ። በመካከላቸው ተራራና ገደል አለ። የአንዱ መሸነፍ ለሌላው የሚደርሰው ዘግይቶ ነበር፤ ጣሊያን ተራ በተራ መታቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ደግሞ ሬዲዮ ነበረ፤ የሬዲዮውን መልእክት ግን ጣሊያን ይጠልፈው ነበር። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ ጥቃቱ ሲጀመር ጠላት አስቀድሞ ያውቃል፤ ጥቃቱ ለቀናት ሲዘገይ ደግሞ ምሽጉን አጠናክሯል። ያለ ሬዲዮም ተጎዳን፣ በሬዲዮም ተጎዳን። ይህን ለእጩ መኮንን ላለማስተማር ምን ምክንያት ሊኖር ይችላል?

ሁለተኛው ቅሬታችን ከመጀመሪያውም ይብሳል። ባለፈው የመስክ ልምምድ ላይ ድሮን ከመቶው፣ መቶ አለቃው ከሚመራው ክፍል፣ አናት ላይ ሲያንዣብብ ዋለ። ምስሉ ማዘዣ ድንኳኑ ውስጥ በትልቅ ስክሪን ይታያል። መጀመሪያ ላይ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር፤ እውነት ለመናገር ጥራቱ ያስገርማል። ከዚያ አንድ ከፍተኛ መኮንን የሬዲዮ መነጋገሪያውን አነሱ። የሻለቃውን አዛዥ ዘለሉ። የሻምበሉን ዘለሉ። መቶ አለቃውንም ዘለሉ። ለጓድ መሪው በቀጥታ «ወደ ግራ! ምን ትጠብቃለህ? ወደ ግራ ውጣ!» አሉት።

የጓድ መሪው ያየውን ስክሪኑ አላየውም። ከፊቱ ደረቅ ፈፋ ነበር፤ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት። ከላይ ሲታይ ሣርና ግራር ሸፍኖታል። በስተግራ ያለው ደግሞ የታረሰ ማሳ ነው፤ ለጥ ያለ፣ ጥንቸል እንኳ የማትደበቅበት። ልጁ ፈፋውን አየ፣ ሬዲዮውን አየ፣ ጓዱን ይዞ ወደ ማሳው ወጣ። የጠላትን ሚና የያዙት ልጆች በባዶ ጥይት አንድ በአንድ ለቀሟቸው። ሪፖርቱ ላይ ግን «ቅንጅቱ የተሳካ ነበር» ተብሎ ሰፈረ። ለምን ቢባል፣ ትዕዛዙ በሴኮንዶች ውስጥ ከላይ እስከ ታች ደርሷላ! የተለካው ፍጥነቱ ነው። ትዕዛዙ ትክክል ነበር ወይ ብሎ የጠየቀ የለም።

ከሁሉ የከፋው የመቶ አለቃው ነገር ነው። ከዚያች ሰዓት በኋላ እስከ ማታ አንድም ውሳኔ አልወሰነም። ምን ብሎ ይወስን? ከላይ የሚያይ አለ። ከላይ የሚያየው ከፈለገ ራሱ ይናገራል። ልጁ ቀኑን ሙሉ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ዋለ።

ነገሩ ከእኛ አልተጀመረም። አሜሪካኖች ቬትናም ላይ ሄሊኮፕተር እንደልብ ሲሆንላቸው፣ ጫካ ውስጥ ከሚዋጋ የአንድ ሻምበል አዛዥ በላይ የሻለቃው አዛዥ በሄሊኮፕተር ይዞር ነበር። ከእሱ በላይ የብርጌዱ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የክፍለ ጦሩ አዛዥ አለ። ሁሉም ሬዲዮ አላቸው። ሁሉም ይጠይቃሉ፣ ሁሉም ይመክራሉ። ታች ያለው ምስኪን ለጠላት ይተኩሳል፣ ለአለቆቹ ደግሞ መልስ ይሰጣል። እስራኤልም እ.ኤ.አ. በ2006 ከሂዝቦላህ ጋር 34 ቀን ከተዋጋች በኋላ በአገሯ ውስጥ ትችት ወረደባት። ከትችቶቹ አንዱ አንዳንድ አዛዦች ከወታደሩ ጋር ወደፊት ከመሄድ ይልቅ ፕላዝማ ስክሪን ፊት ተቀምጠው ነበር የሚል ነው። ሁለቱም ጦሮች መሣሪያ ሞልቷቸዋል። መሣሪያው አልጎደላቸውም፤ የጎደላቸው «ይሄ የእኔ ድርሻ አይደለም» ብሎ መነጋገሪያውን የሚያስቀምጥ አለቃ ነው።

ሦስተኛው ቅሬታችን የታሪክ ትምህርቱ ነው። የተሰረዘበት ምክንያት በማስታወቂያው ላይ «ከዘመናዊ ውጊያ ጋር ያለው ተዛማጅነት አነስተኛ በመሆኑ» ይላል። እሺ። በየዓመቱ የካቲት 23 ጋሻና ጎራዴ ይዘን የምናከብረውን አድዋን እንውሰድና እንይ።

የአድዋን ጦርነት ከጣሊያን በኩል ሲያዩት፣ አዲስ ቴክኖሎጂ አዛዥን ምን እንደሚያደርገው ከዚህ የበለጠ ማስተማሪያ ማግኘት ይከብዳል። የጣሊያኑን ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪን ከሮም ጋር የሚያገናኘው ቴሌግራፍ ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ተአምር ነው። ስንቁ እያለቀ ስለሄደ ባራቲየሪ ማፈግፈግ ያስብ ነበር። ከጦርነቱ 5 ቀን በፊት ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ በቴሌግራም «ይህ የጦር ሳንባ ነቀርሳ እንጂ ጦርነት አይደለም» ብሎ ሰደበው። ሊተካው ጄኔራል ባልዲሴራ በምስጢር ተሹሟል። ባራቲየሪ ጄኔራሎቹን ሰብስቦ ቢጠይቃቸው እንግጠም አሉት። ገጠመ። ሽቦው የሮምን ጥድፊያ እስከ ጦሩ ድንኳን አደረሰ። የአድዋን መሬት ግን ለሮም ሊያሳይ አልቻለም።

መሬቱን ማን ያውቀዋል? ባራቲየሪ ለጄኔራሎቹ የሰጠው ንድፍ ካርታ የተሳሳተ ነበር። ጄኔራል አልቤርቶኔ ኪዳነ ምሕረት ወደተባለ ኮረብታ እንዲሄድ ታዘዘ። ካርታው ያንን ስም የጻፈው በሌላ ኮረብታ ላይ ነው። አልቤርቶኔ ሌሊት ተጉዞ ካርታው ያለው ቦታ ደረሰ። መንገድ መሪዎቹ እውነተኛው እንዳ ኪዳነ ምሕረት ገና ከፊት ነው አሉት። እሱም ስሙን ተከትሎ በርካታ ኪሎ ሜትር ገፋ። ንጋት ላይ ከሌሎቹ ብርጌዶች ተነጥሎ ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። እንዲደግፈው የተላከው ዳቦርሚዳ ደግሞ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገብቶ ቀረ። ቀኑ ሲያልቅ ከአራቱ የብርጌድ ጄኔራሎች አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞተዋል፣ አልቤርቶኔ ተማርኳል። ለአልቤርቶኔ «ያንን ኮረብታ ያዝ» ከመባሉ ጋር «የምትይዘው የመሀሉን ጦር ግራ ክንፍ እንድትጠብቅ ነው» የሚለው በደንብ ገብቶት ቢሆን ስሙን ትቶ ክንፉን ባልለቀቀ ነበር። በክፍል ውስጥ እዚህ ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ ክርክር ይነሣል። መነሣትም አለበት።

በእኛም በኩል አጼ ምኒልክ ሁሉንም አያዩም ነበር። ነገር ግን ራሶቹ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ጦር ይዘዋል፤ የመጡበትን ያውቃሉ፤ ተኩስ ወደሰሙበት ገሠገሡ። የራስ አሉላ ቃፊሮች ነበሩ፤ ለጣሊያን የሚሰልል መስሎ ለወገኑ የሠራው ባሻ አውዓሎም ነበረ። ነገሩን ማሳመር አንፈልግም። የመሳፍንቱ ነጻነት በሌላ ጊዜ አገር አዳክሟል። አድዋ ላይም ቢሆን ከ17 ሺህ ጥቂት የሚበልጠው የጣሊያን ጦር ወደ 100 ሺህ ከሚጠጋ ሠራዊት ጋር ነው የገጠመው፤ ቁጥር ቁጥር ነው። እጩ መኮንኑ ግን ይህን ሁሉ መዝኖ የራሱን ፍርድ ይስጥ ነው የምንለው። አሁን ባለው ፕሮግራም ስለ አድዋ የሚያውቀው በበዓሉ ቀን በቴሌቪዥን ያየውን ብቻ ይሆናል።

የውጭውም እንዲሁ ነው። የፕሩሲያው (የዛሬዋ ጀርመን አካል የነበረችው መንግሥት) የጦር መሪ ሞልትኬ ባቡርና ቴሌግራፍን ለጦርነት በሚገባ ከተጠቀሙት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1866 ከኦስትሪያ ጋር ከተደረገው የኬኒግሬትስ ውጊያ በፊት በነበረው ሌሊት፣ ለአልጋ ወራሹ ጦር የሄደው ወሳኝ ትዕዛዝ የተላከው በፈረሰኛ ነው። ከዋናው የጠላት ኃይል ጋር ከመጀመሪያው ግጥሚያ አልፎ በእርግጠኝነት የሚሄድ ዕቅድ የለም ያለውም እሱ ነው። ስለዚህ ለበታቾቹ የሚሰጠው ትዕዛዝ አጭር ነበር። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1940 የፈረንሳዩ ዋና አዛዥ ጄኔራል ጋምላን ቬንሴን በሚገኘው ማዘዣቸው ሬዲዮ እንኳ አልነበራቸውም። የጀርመን ታንኮች እርስ በርስ በሬዲዮ እየተነጋገሩ የሜዝን ወንዝ ሲሻገሩ የፈረንሳይ ትዕዛዝ በሞተር ሳይክል ይጓዝ ነበር። ቴክኖሎጂን መናቅ ምን እንደሚያስከትልም የምናስተምረው በዚሁ በተሰረዘው ትምህርት ውስጥ ነው። «ቴክኖሎጂ ይጠላሉ» የሚሉን ሰዎች አንድ ቀን እንኳ ክፍል ገብተው ቢሰሙን ጥሩ ነበር።

አራተኛው የነጥብ አሰጣጡ ነው። የጽሑፍ ፈተናው ምርጫ ሆኗል፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ጦር ሜዳ ላይ «ሁሉም መልስ ናቸው» የሚል አማራጭ የለም። የሲሙሌሽኑ ፈተና ደግሞ ከተሰመረው መስመር የወጣን ሰው በራሱ ጊዜ ነጥብ ይቀንስበታል። አንዷ እጩ መኮንን የጠላት ጦር አቅጣጫ መቀየሩን አይታ መቶዋን ወደ አዲሱ መንገድ አዛወረች። ጠላትን አቆመችው። ኮምፒውተሩ «ከተሰጠው መስመር ወጥታለች» ብሎ ነጥቧን ቆረጠው። አቤት ብትልም ሰሚ አላገኘችም። ከእሷ ቀጥሎ የገቡት በሙሉ መስመሩን ይዘው ሄዱ። ልጆች ፈጥነው ይማራሉ። እኛ የምናሠለጥነው ይህንን ከሆነ ደግሞ ሮቦት መግዛት ይረክሳል።

ውሳኔ የሚያስቀጣበት ጦር መጨረሻው ምን እንደሚሆን ከራሳችን ታሪክ እናውቃለን። በደርግ ዘመን ከአንድ አዛዥ ጎን የፖለቲካ ኮሚሳር ነበረ፤ የደኅንነት ሰውም ነበረ። ሦስቱም ለየራሳቸው አለቃ ነው ሪፖርት የሚያደርጉት። አዛዡ አፉን ከመክፈቱ በፊት ግራ ቀኙን ያያል። በየካቲት 1980 ዓ.ም. በኤርትራ የነበረው የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ተረሸኑ። በሳምንታት ውስጥ፣ በመጋቢት፣ ናደው ዕዝ አፋቤት ላይ ተደመሰሰ። ወደ ኋላ ሊወጣ የሞከረው የተሽከርካሪ ሰልፍ መተላለፊያው ላይ ተዘጋበት፤ ንብረቱ በተቃራኒው ወገን እጅ እንዳይገባ የራሱ አየር ኃይል ደበደበው። ለዚያ ሽንፈት ብዙ ምክንያት አለ፤ የሻዕቢያም ዝግጅት ቀላል አልነበረም። ነገር ግን አዛዡን ረሽኖ ከበታቾቹ ድፍረት መጠበቅ አይቻልም። የነጥብ ቅነሳን ከጥይት ጋር እያነጻጸርን አይደለም። አንድ ወጣት መኮንን «ዝም ብል ይሻለኛል» ማለትን የሚማርበት የመጀመሪያው ቦታ ግን የፈተና ወረቀቱ ነው።

የቅርቡን ጦርነታችንን እዚህ አላነሣነውም። ቁስሉ ገና ነው፤ ጊዜው ሲደርስ በክፍል ውስጥ በሐቅ መነሣት አለበት።

ከኮሚቴው ወገን የሚመጣውን መልስ እንገምታለን። ድሮንና ሳተላይት ሁሉንም ስለሚያሳዩ ጥርጣሬ የሚባል ነገር ያበቃለታል የሚል ነው። ይህን አሜሪካኖችም ብለውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ሚሌኒየም ቻሌንጅ የተባለ 250 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት የጦር ልምምድ አደረጉ። የጠላትን ሚና የያዙት ጡረተኛው የማሪን ጄኔራል ፖል ቫን ራይፐር ነበሩ። እሳቸው ሬዲዮአቸውን ተዉት። ትዕዛዛቸውን በሞተር ሳይክል መልእክተኛና በብርሃን ምልክት አስተላለፉ። የሚጠለፍ ነገር አልነበረም። በድንገተኛ ጥቃት 16 መርከቦች በልምምዱ «ሰመጡ»። አዘጋጆቹ ምን አደረጉ? መርከቦቹን መልሰው አንሳፈፏቸውና ልምምዱን ቀጠሉ። ጄኔራሉ እጃቸው መታሰሩን ሲያዩ ሚናቸውን ትተው ወጡ። ከሰመጠ መርከብ ትምህርት ከመውሰድ ማንሳፈፉ ይቀላል፤ የእኛም «ቅንጅቱ የተሳካ ነበር» ያው ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ ግን ክብደት አለው። ሁሉም በየራሱ ከወሰነ መድፉን፣ አየር መከላከያውን፣ በአንድ ሰማይ ላይ የሚበሩትን ድሮኖች ማን ያስማማቸዋል? ልክ ነው። እንዲህ ያሉት ከአንድ ማዕከል መመራት አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ1940 የእንግሊዝ አየር ኃይል የራዳሩንና የምድር ተመልካቾቹን መረጃ ወደ አንድ ቦታ ይሰበስብ ነበር። አብራሪዎቹን ወደ ጠላት የሚመራቸው መሬት ላይ ያለ ተቆጣጣሪ ነው። ጠላት በዓይን ከታየ በኋላ ግን ውጊያውን የሚመራው አየር ላይ ያለው የስኳድሮን መሪ ነበር። የማን ድርሻ የት ላይ እንደሚያበቃ የታወቀ ነው። ኢራቅ ላይ የአሜሪካ ልዩ ኃይል አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ማክሪስታልም ቴክኖሎጂውን የተጠቀሙበት በዚህ መንገድ ነው። በየቀኑ በቪዲዮ ብዙ ሰው ይሰበስባሉ፣ መረጃውን ለሁሉም ይበትናሉ፣ ውሳኔውን ግን ወደ ታች ይለቃሉ። ተመሳሳይ ስክሪን እኛ ድንኳን ውስጥ የጓድ መሪ ለመጎተት ነው የዋለው።

የመጨረሻው አጭር ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ ሲቀየር ትምህርቱን ከሚሰጡት አንድ ሰው አልተጠየቀም። ተመራቂዎችም አልተጠየቁም። በየክፍሉ ተመድበው እየሠሩ ያሉ ልጆች እየደወሉ «እውነት ነው ቀረ?» ይሉናል። የምንመልሰው የለንም።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

የሬዲዮ ዝምታ ልምምዱ የሚቀጥለው ዙር ከመግባቱ በፊት ይመለስ። ድሮኑም አብሮ ይግባበት፤ በልምምዱ መሀል ምስሉ ይቋረጥ፣ ጂፒኤሱ የተሳሳተ ቦታ ያሳይ፣ እጩው በካርታና በኮምፓስ ይውጣው። ለዚህ ተጨማሪ በጀት አያስፈልግም።

በመስክ ልምምድ ላይ ማን ለማን በሬዲዮ መናገር እንደሚችል በጽሑፍ ይደንገግ። ከፍተኛ መኮንን ሁለት እርከን ዘልሎ ለጓድ መሪ ትዕዛዝ ከሰጠ እንደ ጥፋት ይመዝገብ፤ የሕይወት አደጋ ሲኖር ብቻ ይፈቀድ። ስክሪኑ ድንኳኑ ውስጥ ይቀመጥ፤ መነጋገሪያው ግን ከስክሪኑ ይራቅ።

የአዛዥነት ታሪክ ሙሉ ሰዓቱ ይመለስለት። አድዋ፣ ማይጨውና አፋቤት በግድ ይካተቱ፤ ድሉም ሽንፈቱም ሳይቀባባ ይቅረብ። ሰዓት አይበቃም ከተባለ ከዩክሬን ጦርነት ጋር አጣምረን ለማስተማር ዝግጁ ነን፤ ረቂቁን ሠርተን በእጃችን ይዘነዋል።

ፈተናው ቢያንስ በግማሹ የጽሑፍ ውሳኔ ይሁን። እጩው ሁኔታ ይሰጠው፣ ይወስን፣ ለምን እንደወሰነ ይጻፍ። ነጥቧ የተቆረጠባት እጩ መኮንን ውጤት እንደገና ይታይ። ይህን ጥያቄ የምናቀርበው ሳታውቅ ስለሆነ እሷ እንዳትጠየቅበት አደራ እንላለን።

በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ቃለ ጉባኤ የሚያዝበት ስብሰባ ይጠራልን። ለዚህ ደብዳቤ የሚሰጠን መልስም በጽሑፍ ይሁን። ኮሚቴው ሐሳባችንን ካልተቀበለው አልተቀበልነውም ይበለን፤ ምክንያቱን ለተማሪዎቻችን እናስረዳለን።

ከአክብሮት ጋር

ጡረተኛ ሻለቃ፣ የቀድሞ የታክቲክ መምህር
በኮንትራት የሚያገለግሉትን የታክቲክና የጦር ታሪክ መምህራን በመወከል

ግልባጭ፦
ለማሰልጠኛው የመስክ ልምምድ ክፍል
ለኮርሱ ተመራቂ መኮንኖች